ሽሮን ለቀቅ አድርጉልን

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተካሄደ የሥነ ምግብ ውይይት አንድ ባለሙያ የተናገሩት ነገር በየሻይ ቤቱ መወያያ ሆኗል። ሕዝባችን የሚጎዳው በግንዛቤ እጥረት ነው አሉ። እንጀራ በሽሮ ሆድ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ሰውነት የሚገነባው ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ነው ሲሉም አከሉበት። ጭብጨባም አላጡም።

መጀመሪያ የሽሮውን ነገር እንጨርስ። ሽሮ ከምን እንደሚሠራ ረሱት እንዴ? ከአተር፣ ከባቄላ፣ ከሽምብራ ነው። ደረቅ ጥራጥሬ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ይሄ ካልገነባ ምን ሊገነባ ነው?

ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቅንጣቶች ነው። ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ያገኛቸዋል። ጤፍ፣ ገብስና ማሽላ ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜቲዮኒን የሚባለው ያጥረዋል። እንጀራው በሽሮ ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ የትኛውንም የሥነ ምግብ መጽሐፍ ቢገልጡ ያገኙታል። ባለሙያው መቼ እንደገለጡ ግን እንጃ።

እርሾውስ? ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን የሚቦካው እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ ብቻ መስሏቸው ይሆን? ጥሬ እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ብረትና ዚንክን ጠፍንጎ ይይዝና ሰውነታችን እንዳያገኛቸው ያደርጋል። ሊጡ ሲቦካ ይህ ፋይቴት ይቀንሳል። አጠገቡ አንድ ቃሪያ ሲገመጥ ደግሞ ቫይታሚን ሲው ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ጎመን ከተጨመረበት፣ ዘይትም ጠብ ካለበት ቫይታሚን ኤ ተገኘ ማለት ነው፤ እሱ ያለ ቅባት በደንብ አይዋሃድም። አንደኛ ደረጃ እያለን ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ እያልን የሸመደድነው ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ተሟላ። ይህን ትሪ ነው እንግዲህ መድረክ ላይ ወጥተው የሚያጣጥሉት።

ቫይታሚን ቢ12 ከአትክልትና ከጥራጥሬ እንደማይገኝ እቀበላለሁ። ስድስት ወር የሞላው ሕፃንም ከጡት ሌላ ወፈር ያለ ገንፎ፣ ሲገኝም እንቁላል ያስፈልገዋል። በዚህ አንጣላም።

ግንዛቤ የለም ያሉት ግን ያናድዳል። ሰኞ ገበያ ወርደው ያውቃሉ? ከገጠር የመጣች እናት እንቁላሏን በገለባ ሸፍና፣ ቅርጫቷን እግሯ ሥር አድርጋ ትቀመጣለች። እንቁላል ለልጅ እንደሚጠቅም አሳምራ ታውቃለች። በእንቁላሉ ብር ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ለልጇም ደብተር ልትገዛ ነው የምትሸጠው። ለእሷ ስልጠና ምን ይጨምርላታል? አበሉን እንኳ የሚወስደው አሠልጣኙ ነው!

መቀንጨር የለም አላልኩም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶ ያህሉ ቀንጭረው ተገኝተዋል። የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው። መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ችግሩን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. አስወግዳለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ግን ይህን ሁሉ ያመጣው ሽሮ ነው? ልጅ የሚቀነጭረው ሽሮ ስለበላ አይደለም። ችግሩ የሚብሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ተራቁቶ ሽሮውም እንደ ውሃ በቀጠነበት ቤት ነው። እዚያ ቤት ገብቶ ሥጋ ብሉ ማለት ምክር ሳይሆን ስድብ ነው።

ማስተማር ካማራቸው ወሎ ላይ የሚያስተምሩት አያጡም። ለስላሳውን ተመልከቱ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ሁሉ እሱን ደርድሯል። በውይይቱ ፎቶ ላይም ጠረጴዛውን ሞልቶት አይተናል። አንዱ ትንሽ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ነው። ትልቅ ሰው ቀርቶ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚጠጡት እሱን ነው። ባለሙያው ስለ ለስላሳው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ለነገሩ ጠርሙሱ ፊታቸው ተቀምጦ እንዴት ይተንፍሱ?

ቡናውም አለ። እኛ ገና የምሳው ትሪ ሳይነሳ ነው ረከቦቱ የሚቀርበው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን እንቀጥላለን። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ወይም እንደተበላ ወዲያው ሲጠጣ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት ይሻማናል። በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሰዓት አቆይቶ መጠጣት ግን አምስት ሳንቲም አያስወጣም፣ በሬም አያሳርድም። ባለሙያው ይህን ቢሉ ኖሮ እኔም ከአጨብጫቢዎቹ ጋር ነበርኩ። ደግሞ ቡና ተዉ አለ እንዳትሉኝ፤ ቆየት ይበል ነው ያልኩት። ቡና ተዉ የሚልን ሰው ደሴ ላይ የሚሰማው የለም፤ እኔም አልሞክረውም።