ትንሽ የምርምር ሪአክተር ለአዳማ፦ እንትከል ወይስ እንቆይ?

ኢትዮጵያና ሩሲያ የኑክሌር ኃይልን ለሰላማዊ ጥቅም ለማዋል እ.ኤ.አ. በ2019 የትብብር ስምምነት ተፈራርመዋል። ለትምህርትና ለምርምር የሚሆን አነስተኛ ሪአክተር አዳማ ላይ ቢተከል ማስኬድና መጠገን እንችላለን ወይ? ሁለት የከተማው ነዋሪዎች ይከራከራሉ። ክርክሩ በሐሳቡ ላይ እንጂ በተወሰነ ፕሮጀክት ላይ አይደለም።

ደጋፊ፦ የፊዚክስ መምህር

ሪአክተር ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ቼርኖቤል ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ልኩ ግን መታወቅ አለበት። ቼርኖቤል ላይ የፈነዳው ሪአክተር 3,200 ሜጋዋት ሙቀት ያመነጭ ነበር። እኔ የምጠይቀው 30 ኪሎዋት ነው፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ የኤሌክትሪክ ምጣዶች አንድ ላይ ሲበሩ የሚስቡትን ያህል። ጋና እንዲህ ያለውን ቻይና ሠራሽ ሪአክተር አክራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 አስጀምራለች። ናይጄሪያም በ2004 ዛሪያ በሚገኘው በአህማዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ ተከትላለች።

የነዳጁ እምብርት ቁመቱም ወርዱም 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኒውትሮን የሚባሉትን የአቶም ቅንጣቶች ወደ ነዳጁ በሚመልስ ቤሪሊየም በተባለ ብረት ተከቦ ከውሃ ገንዳ ሥር ይቀመጣል። የሞቀው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይተካዋል፤ ማቀዝቀዣው ይኸው ነው። መብራት ቢጠፋ ቆሞ አደጋ የሚያመጣ የማቀዝቀዣ ፓምፕ የለም። ኃይሉን የሚገታው የመቆጣጠሪያ ዘንግም አንድ ብቻ ነው። ያ ዘንግ በስህተት ሙሉ በሙሉ ቢወጣ እንኳ ኃይሉ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይልና ውሃው ሲሞቅ በራሱ ይወርዳል። ከዚያ በላይ የሚያስኬድ ትርፍ አቅም ከመጀመሪያው፣ ሲነደፍ፣ አልተሰጠውም።

ጥቅሙን እዚሁ አጠገባችን ላሳይ። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ክሮምየም ወደ ወንዙ፣ ከወንዙም ወደ ቆቃ ሐይቅ ይሄዳል። የሐይቁን ደለል ናሙና ወስደን የሪአክተሩን ኒውትሮን ብናሳርፍበት፣ ክሮምየሙ ከዚያ በኋላ የሚለቀውን ጨረር ቆጥረን መጠኑን እናውቃለን። ናሙናውን በአሲድ ማሟሟት እንኳ አያስፈልግም። ተማሪዎቼ ይህን ሁሉ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ተቃዋሚ፦ የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ

መምህር፣ ስለ ፍንዳታ አልከራከርዎትም። የሚያሳስበኝ ሳይፈነዳ የሚቆመው ሪአክተር ነው። በማውቀው አንድ ሆስፒታል የራጅ መሣሪያ በአንዲት የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ምክንያት ለወራት ተሸፍኖ ተቀምጧል። ለካርዷ በጀት ነበረ፤ የውጭ ምንዛሪው ተራ ግን አልደረሳትም። መሣሪያው ሲገዛ መለዋወጫና የጥገና ውል አብሮ የሚያስብ አልነበረም።

ከውሃው ልጀምር፤ የእንዲህ ዓይነት ሪአክተር ጥገና ዋናው ሥራ ውሃን መጠበቅ ነውና። እምብርቱን የሚይዘው ዕቃ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም በንጹሕ ውሃ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፤ ክሎራይድ ካገኘው ግን በትንንሽ ነጥቦች ይበሳል። ስለዚህ ውሃው ከጨው ጸድቶ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በሴንቲ ሜትር 1 ማይክሮሲመንስ አካባቢ መሆን፣ በየጊዜው እየተለካም በመዝገብ መጻፍ አለበት። የሚያጸዳው ሬዚን የሚባለው ጥቃቅን ፍሬ ነው። ጨዉን እየለቀመ ይደክማል፣ ከዚያ ይቀየራል። የወጣውም ጨረር ስለሚኖረው ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም።

አሁን ወደ አካባቢያችን ውሃ እንምጣ። የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ማዕድን የበዛበት ነው፤ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ የኖሩ ሠራተኞች ጥርስና አጥንት የተጎዳው በዚሁ ውሃ ፍሎራይድ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ሬዚኑን ቶሎ ያደክመዋል፤ ሬዚኑ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው። ግዢው ለስድስት ወር ቢዘገይ ኦፕሬተሩ ምን ያደርጋል? ሪአክተሩን ማጥፋት ይችላል። ነዳጁ ግን እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሥራ ቢቆምም ውሃው መጽዳቱ አይቆምም። የራጅ መሣሪያ ሲበላሽ ሶኬቱን ነቅለን እንሸፍነዋለን። ይህንን ሸፍነን መሄድ አንችልም።

መለኪያውም አለ። ክሮምየሙን የሚቆጥረው የጀርማኒየም መሣሪያ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች ወደ 196 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲቋረጥ የከብት ማዳቀል ሥራ እንዴት እንደሚስተጓጎል አርሶ አደሩ ያውቀዋል። ክሮምየም ለመለካት ብቻ ከሆነ ደግሞ አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለው መሣሪያ ይበቃል፤ ዩራኒየም አይጠይቅም።

ጋና ከተጠቀሰች ኮንጎም ትጠቀስ። የአፍሪካ የመጀመሪያው ሪአክተር እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረው በዛሬዋ ኪንሻሳ ነው። ተተኪው ከ2004 ጀምሮ ቆሟል። ከዚያ ተቋም ከጠፉት ሁለት የነዳጅ ዘንጎች አንዱ በ1998 ጣሊያን ውስጥ ተያዘ፤ ሌላው አልተገኘም።

ደጋፊ

እህቴ፣ የኮንጎው ታሪክ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። የውሃው ስጋት ግን ከልኩ አልፏል። ገንዳው የሚሞላው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው የተነነው ያህል ነው። ያንን በማጣሪያ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማከማቸት ይቻላል፤ የዓመታት ሬዚንም ከመጀመሪያው ግዢ ጋር ይመጣል። በኤሌክትሪክ የሚቀዘቅዙ የጀርማኒየም መለኪያዎችም አሉ።

ጋናን ደግሜ የማነሳው በምክንያት ነው። የመጀመሪያውን ነዳጅ ከ20 ዓመት በላይ ሠርታበታለች። ነዳጁ እየደከመ ሲሄድ ከእምብርቱ በላይ ስስ የቤሪሊየም ንጣፍ እየጨመሩ ያቆዩታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ያንን ከፍተኛ ብልጽግና ያለው፣ ማለትም የሚከፈለው የዩራኒየም ዓይነት እጅግ የበዛበት፣ ዩራኒየም አውጥታ ወደ ቻይና መለሰች፣ በዝቅተኛ ብልጽግና ነዳጅም ተካችው። ናይጄሪያ በዓመቱ ይህንኑ አደረገች። ይህን የሚችል ባለሙያ የሚፈጠረው ሪአክተሩ ካለ ነው፤ በአቶሚክ አብዞርፕሽን የሪአክተር ኦፕሬተር አይሠለጥንም። ነገ የኃይል ማመንጫ ቢመጣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ለባዕድ አስረክበን ከበር ልንቆም ነው?

ተቃዋሚ

ገንዳው አንድ ጊዜ ይሞላል ያሉትን ተቀብያለሁ። የባለሙያው ነገር ግን አልተፈታም። ለዓመታት የሠለጠነ ኦፕሬተር በመምህር ደመወዝ ስንት ጊዜ ይቆያል? ፈቃድ ያለው ሰው ሲለቅ ሪአክተሩ የሚቆመው በዚያው ቀን ነው።

መሬቱንም አንርሳ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዳማ ላይም ተሰምቶናል፤ ከመካከላቸው በመጠን ከ5 ያለፉ ነበሩ። ሕንፃው ይቋቋመዋል ቢሉኝ አምናለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ መንቀጥቀጥ በኋላ፣ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ዘንጉ በስንት ሴኮንድ እንደሚወርድ፣ የገንዳው ውሃ ምን ያህል እንደቀነሰ፣ ቧንቧው መሰንጠቁን ፈትሾ የሚፈርም ሰው በስም ተመድቧል ወይ?

አስቀድመን ውሃ ማጣሪያውንና የጨረር መለኪያ ላቦራቶሪውን እንክፈት። ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ ይሥራ፣ መዝገቡ ለሕዝብ ይታይ።

ደጋፊ

ላቦራቶሪው ይቅደም፤ በዚህ እንስማማለን። ሁለት ዓመት እጃችንን አጣጥፈን መጠበቁን ግን አልቀበልም። ቦታ መረጣው፣ ፈቃዱና ሥልጠናው ራሳቸው ዓመታት ስለሚፈጁ ዛሬውኑ ጎን ለጎን ይጀመሩ። መዝገቡ ጥሩ ካልሆነ ነዳጁ አይገባም።

ተቃዋሚ

እንግዲያውስ ሁለት ወረቀት አሳዩኝ። አንደኛው በውጭ ምንዛሪ የተቀመጠ፣ ለሌላ ጉዳይ የማይነካ የመለዋወጫ ሒሳብ ነው። ሁለተኛው ያረጀውን ነዳጅ ሻጩ አገር መልሶ እንደሚወስድ የተፈረመ ውል ነው። ሁለቱ እስኪቀርቡ ድረስ ድምፄ ተቃውሞ ነው።