እንኳን ለቴክኖሎጂው ዓመት በዓል አደረሰን

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የምሥራች ገባ። ዓመታዊው የቴክኖሎጂ ፌስቲቫል ደርሷል፤ ለመግባት መመዝገብ፣ ለመመዝገብ አንድ መተግበሪያ መጫን፣ መተግበሪያውን ለማስጀመር የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ሒሳቡን ለማንቀሳቀስ ደግሞ «መጠነኛ» ገንዘብ ማስገባት ብቻ ነው የሚጠበቅብን። ለእናንተ ማብራራት አያሻኝም፤ ይኸው መልእክት እናንተንም ከእንቅልፍ ቀስቅሷችኋል።

እኔ ቀኑን በጉጉት እየጠበቅሁ ነው። ከመስቀል አደባባይ ወደ አዳራሹ ስታቀኑ መንገድ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የድምፅ ማጉያው ከእስጢፋኖስ ጀምሮ ደረታችሁን እየደበደበ ይመራችኋል። በሩ ላይ የስፖንሰሮች ስም የተደረደረበት ግድግዳ ይቀበላችኋል፦ ዘይት፣ ቢስኩት፣ የታሸገ ውሃ፣ የቤት ቀለም። የቴክኖሎጂ ድርጅት የሚፈልግ ሰው ካለ ከታች፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር አጠገብ፣ ጎንበስ ብሎ ያንብብ። ምላሳቸው የማያርፍ ሰዎች «ይህ እኮ የበዓል ባዛር ነው፤ የጎደለው ዶሮ ብቻ ነው» ይላሉ። ሐሜት ነው። ዶሮም አለ፤ እደርስበታለሁ።

ድሮ እንዲህ ያለው ዝግጅት እንዴት አሰልቺ ነበር! ፀጉሩን ያላበጠረ ወጣት ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሠራውን ያስረዳችኋል፤ ስትጠይቁት ይመልሳል፤ ምንም ሳይሸጥላችሁ ያሰናብታችኋል። ከእርሱ በፊት የነበሩትማ ይብሳሉ። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ቁልል በሚሆንበት ዘመን ተቀምጠው ስለ ፊደል ሰንጠረዥ ይከራከሩ ነበር። ፊደላችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ያንን የባንክ መልእክት በአማርኛ የምናነበው በዚያ ድካም ነው። ታዲያ ለዚህ ሁሉ ልፋት አንድ ኮፍያ እንኳ አላደሉም። የገበያ ነገር ጨርሶ አይገባቸውም ነበር።

የእኔ ተወዳጅ የቤት ሻጮቹ ዳስ ነው። ባለፈው ዓመት ሰልፉ የአዳራሹን ግማሽ ይዞ ነበር። ቪአር የሚሉትን ጥቁር መነጽር ያጠልቁላችኋል፤ ወዲያው ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ሳሎን ውስጥ ትቆማላችሁ። በመስኮቱ ሐይቅ ይታያል። አዲስ አበባ መሃል ሐይቅ ከየት መጣ አይባልም፤ ሐይቁ ዋጋው ውስጥ ተካቷል። ከፊቴ የነበሩ አንድ አዛውንት መነጽሩን እንዳጠለቁ ምንጣፉን አዩና ጫማቸውን አወለቁ። ሻጩ ክንዳቸውን ይዞ ከክፍል ክፍል ያዞራቸው ጀመር፤ እርሳቸውም በር ባዩ ቁጥር ጎንበስ ይላሉ። ማድ ቤት ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ቧንቧው ዘርግተው «ልጄ፣ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» አሉት።

«ሃያ አራት ሰዓት አይቋረጥም፣ አባቴ።»

«መብራቱስ?»

«እርሱም እንደዚያው።»

«ሊፍቱ ይሠራል?»

«ሁለት ነው ያለው።»

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው ይህ ቤት አዲስ አበባ አይደለም።»

ሻጩ አልደነገጠም። በረንዳውን ላሳይዎት ብሎ ወደ ጠርዙ ወሰዳቸው። ቁልቁል ቢያዩ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ደግፎ ያሳረፋቸው ወንበር የውል መፈረሚያው ወንበር ነበር። መነጽሩ ሲወልቅ ከሳሎኑም ከሐይቁም የተረፈ ነገር የለም፤ ፊታቸው ያለው የቅድመ ክፍያ ቅጽ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ኅዋ የተላከችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ሥራዋ ምድርን ከላይ ማየት ነበር፤ ይህን ሕንፃ ብትፈልግ ግን ከቆርቆሮ አጥሩ በቀር የምታገኘው አይኖርም። አዛውንቱ ብዕሩን እንደያዙ «ጫማዬስ?» ሲሉ ሰማሁ። ሳሎኑ ውስጥ ትተውት ነበር።

ሌላው የታወቀ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጋገር ቢስኩት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጣራ ዘይት፣ ስለ መጪው ዘመን ሊወያዩ ወጥተው እርስ በርስ ሲመሰጋገኑ ሰዓቱ የሚያልቅባቸው ሥራ አስኪያጆች።

ወደ ዶሮው ልምጣ። በመጸዳጃ ቤቱ ኮሪደር ጫፍ የሙያ ማሠልጠኛ ተማሪዎች የጫጩት መፈልፈያ ይዘው ቆመው ነበር። ሙቀት መቆጣጠሪያውን ራሳቸው በይደው የሠሩት፣ ከአሮጌ ማቀዝቀዣ ሣጥን የተሰናዳ ማሽን ነው። ዕንቁላል ጫጩት እስኪሆን 21 ቀን ያህል፣ 37.5 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ያልተቋረጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ እነርሱም ፍልፈላው ጎብኚ ፊት እንዲሆን ቀኑን አስልተው ነበር የመጡት። ከሰዓት በኋላ አንድ ባለ ባጅ መጣና ሶኬቱን ነቀለባቸው። የዘፋኙ መድረክ ተጨማሪ መብራት ፈልጓል። አንዷ ተማሪ ሹራቧን አውልቃ ሣጥኑን ስትሸፍን አየሁ።

ይህ ነውር ነው። በትውልድ ስም አዳራሽ እየጠየቁ፣ በትውልድ ስም ንግግር እያሰሙ፣ ትውልዱን ከሶኬት መንቀል ሌብነት ነው። መነገድ ከፈለጋችሁ ነግዱ፤ ማንም አልከለከላችሁም። ስሙን ባዛር በሉትና እነዚህን ልጆች ለፎቶ ማድመቂያ አትጥሯቸው!

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ዘንድሮ አዘጋጆቹ ለተማሪዎች ልዩ አስተያየት ማድረጋቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለቦታው የሚከፍሉት የዋጋውን ግማሽ ብቻ ነው። ሶኬት የሚሰጠው ግን ከወርቅ ስፖንሰር ጀምሮ ነው።