ክብር ለኪስ ሐኪሞቻችን

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ሆዴን ያዝ አደረግኩ፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። ገና ቃል ሳልተነፍስ ከግራ ኦሜፕራዞል፣ ከቀኝ ሱክራልፌት የሚባሉ የጨጓራ መድኃኒቶች ተዘረጉልኝ። ከኋላዬ የተቀመጠው ደግሞ የመድኃኒቱን ስም ረስቶታል፤ «ሮዟ ናት፣ እኔን ያዳነችኝ» አለና ጫፉ የተቆረጠ ስትሪፕ አቀበለኝ። ቀለሟን ካወቀ ስሟ ምን ያደርጋል?

እነዚህን የኪስ ሐኪሞች እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ የሌሉበት ቦታ የለም። ሐኪም መቼ ጀመረህ፣ ለመገጣጠሚያህ ዳይክሎፌናክ ትወስዳለህ ወይ፣ ሰገራህ ጠቁሯል ወይ እያለ ያደርቅሃል። የኪስ ሐኪም በጥያቄ አያሳቅቅህም።

ከሁሉም የማደንቀው አንድ ባልደረባዬን ነው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የ14 ቀን መድኃኒት ታዘዘለት፦ ኦሜፕራዞል፣ እንዲሁም አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን የተባሉ ሁለት አንቲባዮቲኮች። በ4ኛው ቀን ቃጠሎው ለቀቀው። ታዲያ የቀረውን ብቻውን ይጨርስ? ስስት ነዋ! አሞክሲሲሊኑን ጉሮሮዋን ለታመመች ጎረቤቱ፣ ክላሪትሮማይሲኑን ለሚያስለው አማቹ መጸወተ። ጎረቤቲቱም ደግ ናትና ሁለት ፍሬ ጥርሱን ለሚያመው ልጇ አካፈለች። አማቹ ሦስቱን ለከርሞ ሳል አስቀመጠ። ባልደረባዬ ለራሱ ኦሜፕራዞሉን አስቀረ፤ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት የተባለውን ከጠገበ በኋላ፣ ያውም ካፕሱሉን ፈልቅቆ፣ የጨጓራ አሲድ እንዳያበላሻቸው የተለበጡትን ቅንጣቶች በጥርሱ እየቆረጠመ። ባክቴሪያው ብቻ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አራት ቀን ሙሉ መድኃኒቱን ሲያጠና ከርሞ ተመርቋል።

ባሪ ማርሻል የተባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም ይህ ባክቴሪያ ጨጓራን እንደሚያሳምም ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1984 ተህዋሲውን በጥብጦ ጠጣ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ምስኪን! ባልደረባዬን ቢጠይቀው «ብስጭት ነው» ብሎ ይገላግለው ነበር።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ሚሶፕሮስቶል የሚባል የጨጓራ መከላከያ አለ። ማህፀንን ያኮማትራል፤ ነፍሰ ጡር ከወሰደችው ሊያስወርዳት ይችላል። ይህን ከቦርሳ መዝዞ፣ እርጉዝ ነሽ ወይ እንኳ ሳይሉ፣ «የጨጓራ ነው፣ ዋጪው» ማለት ምን ዓይነት ደግነት ነው? ነውር ነው! የሰው ሕይወት መሞከሪያ አይደለም።

ይቅርታ፣ ወደ ስብሰባዬ ልመለስ። ሮዟን ገልብጬ የአገልግሎት ዘመኗን ፈለግኩ። ቀኑ የተጻፈበት ጫፍ ለካ ለሌላ ታማሚ ተቆርጦ ሄዷል።

«ኧረ እኔ ቀበቶዬ ነው የጠበቀኝ» አልኩት።

«እሱም አሲድ ነው» አለኝ።