ድምፅ ቆጣቢው ጋሼ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ለንደን ክርስትና ተጠርቼ ነበር። ሁለተኛው ቡና ላይ አንድ ጋሼ ወሬውን ተረከቡት። የእንግሊዝን ፖለቲካ ከላይ እስከ ታች በለቱት። ግብሩ ለምን እንደጨመረ፣ የትኛው ሚኒስትር እንደማይረባ፣ ሁሉንም ያውቃሉ። ፈንዲሻው አለቀ፣ እሳቸው አላለቁም። አንዲት ልጅ ሳታስበው፣ "ጋሼ፣ እርስዎስ ማንን መረጡ?" አለቻቸው። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"እኔ? የእኔ አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች ብለሽ ነው?"

ታውቋቸዋላችሁ። በየቡናው አንድ አይጠፉም። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግናቸው ነው የተነሳሁት። ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ዘመን ድምፁን ያለ ቦታው የማይበትን ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ብቻቸውንም አይደሉም። በ2024ቱ ምርጫ ከተመዘገበው መራጭ ከአሥሩ አራቱ ያህል ድምፁን ቆጥቦ ቤቱ ውሏል።

የጋሼ ቁጠባ ግን ይለያል፣ ምክንያቱም ድምፃቸውን ያገኟት በመከራ ነው። ናይጄሪያዊውና ህንዳዊው እዚህ አገር በራሱ ፓስፖርት ለፓርላማ ይመርጣል፤ ኮመንዌልዝ ነዋ፣ በአብዛኛው የእንግሊዝ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር። እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ስለዚህ ዜግነት ካልቀየርን ኮሮጆው አጠገብ አንደርስም። (የዓድዋ ሒሳብ እዚህም ይከፈላል።) ጋሼም ፈተናውን ተፈተኑ። 24 ጥያቄ ነው፣ 18ቱን መመለስ ግድ ነው። የሄንሪ ስምንተኛን ስድስት ሚስቶች በተራ ሸመደዱ። ከፈሉ፣ ማሉ፣ ፎቶ ተነሱ። ከዚያ ያቺን ድምፅ እንደ ሠርግ ካባ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀሏት።

ቁጠባ የማያውቁ ሰዎች ምን እንደሚሆኑ ማየት የፈለገ ዊንቸስተርን ይይ። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ትልቅ ካቴድራል ያለባት ጥንታዊ ከተማ ነች። የምርጫ ክልሉ ከ1950 ጀምሮ የወግ አጥባቂዎች ርስት ነበር። እዚያ ቢመረጥ ባይመረጥ ያው ነው የሚባልበት ዓይነት ቦታ። በ1997 በእነሱ አቆጣጠር ሜይ 1 ቀን ሕዝቡ ወጥቶ ድምፁን በተነ። ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ሊበራል ዴሞክራቱ ማርክ ኦውተን 26,100፣ ወግ አጥባቂው ጄሪ ማሎን 26,098።

ሁለት! አንድ ባልና ሚስት ማለት ነው። "ዛሬ ይዘንባል፣ ተይው ይቅርብን" ተባብለው የተኙ አንድ ባልና ሚስት።

ገና አላለቀም። እዚያው ወረቀት ላይ ሌላ ተወዳዳሪ አለ። ራሱን "ለፓርላማ የሊበራል ዴሞክራት ቀዳሚ ምርጫ" ብሎ ያስመዘገበ፣ ከፓርቲው ጋር ግን የማይተዋወቅ። 640 ሰው መረጠው። ከ640ው ስንቱ ስሙን በወጉ እንዳነበበ እሱ አንድዬ ያውቃል።

ገና ነው፣ ቡናችሁን ድገሙ። ያኔ የምርጫ ጣቢያው ሠራተኛ ለመራጩ ወረቀት ሲሰጥ በአንዲት መሣሪያ ጫን አድርጎ ምልክት ይመታበታል። ምልክት የሌለው ወረቀት አይቆጠርም። ከ50 በላይ ወረቀት ሳይመታ ተሰጥቷል። መራጮቹ በእግራቸው መጥተው፣ እርሳሱን ይዘው፣ በትክክል ምልክት አድርገው ሄደዋል። ሠራተኛው ግን እጁ ሰነፈ፤ ሻይ አምሮት ይሆናል። ወረቀቶቹ ቢቆጠሩ ኖሮ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። የተሸነፈው ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱም ምርጫውን ሰረዘው። ኖቬምበር 20 ቀን ሕዝቡ እንደገና ወጣ። ኦውተን 37,006፣ ማሎን 15,450። በሁለት ተሸንፎ የተከራከረ በ21,556 ተሸነፈ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይሄ ነው።

ሰሞኑን ይህን ለጋሼ አጫወትኳቸው። "ሁለት ብቻ እንደጎደለች ቢነግሩኝ እኮ እወጣ ነበር" አሉኝ። ልክ ናቸው። ስልክ ተደውሎ፣ "ጋሼ፣ እኩል ለእኩል ናቸው፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው" መባል ነበረበት። በእነሱ አቆጣጠር በ1886 አሽተን አንደር ላይን በሚባል የምርጫ ክልል ሁለት ተወዳዳሪዎች እውነትም እኩል ወጡ፣ 3,049 ለ3,049። ያን ቀን ግን ለጋሼ የሚደውል ጠፋና የምርጫው ኃላፊ በራሱ ድምፅ ለየው። በእነሱው 2017 ስኮትላንድ ውስጥ ሰሜን ምሥራቅ ፋይፍ እንደገና በሁለት ድምፅ ተለየ። ያኔም ስልኩ አልጮኸም።

አንድ ነገር ግን ውስጤን ይበላኛል። ዘጠና ሰባት ስል እናንተ የሰማችሁት ዊንቸስተርን አይደለም። የእኛን ዘጠና ሰባት ነው፤ ግንቦት 7። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በሌሊት ወጥታ ተሰልፋለች። ጉልበቷን ያማት ነበር። እስኪመሽ የቆመ ነበር። በኋላ ስለዚያች ድምፅ ጮኾ በጥይት የወደቀ ልጅ ነበር። እዚህ ወረፋ የለም፣ ዱላ የለም፣ ጣቢያው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ክፍት ነው። አምስት ደቂቃ! ሁለት ሰዓት የሚያወራ አፍ ይዞ አምስት ደቂቃ የሚራመድ እግር የሚያጣ ሰው ያሳፍራል። ያሳፍራል!

ይቅርታ፣ ማመስገን ነበር የጀመርኩት።

ያን ቅዳሜ ማታ ከክርስትናው አብረን ወጣን። ጋሼ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ሲደርሱ "አንዴ ጠብቀኝ" ብለው ገቡ። ሎተሪ ሊቆርጡ ነው። የማሸነፍ ዕድሉ ከ45 ሚሊዮን አንድ ነው።

"ጋሼ፣ አንድ ትኬት ምን ታመጣለች?" አልኳቸው።

አዩኝ። እንደ ሞኝ አዩኝ።

"እንዴ! ምን ይታወቃል?" አሉና ትኬቷን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ።