እርማት፦ የድሮው የቀርከሃ ዘንግ «አይሰበርም» ስለመባሉ

«የድሮዎቹ የእንግሊዝ የካርፕ ዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች አይሰበሩም ነበር፤ የዛሬው የካርቦን ፋይበር ዘንግ ግን ዕቃ አይባልም» ላሉት አስተያየት፣ በአክብሮት እርማት ማቅረብ እወዳለሁ።

እንግሊዛዊው ዓሣ አጥማጅ ሪቻርድ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1952 በእንግሊዝ አገር በሚገኘው በሬድማየር ኩሬ 44 ፓውንድ፣ ማለትም 20 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ካርፕ ያወጣው ራሱ በነደፈው የቀርከሃ ዘንግ መሆኑ እውነት ነው። ይህ ግን የሚመሰክረው በጥንቃቄ ለተሠራ ለአንድ ዘንግ እንጂ ለዘመኑ ዘንጎች ሁሉ አይደለም። እንዲህ ያለው ዘንግ ከስድስት ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥቆች ተጣብቆ የሚሠራ በመሆኑ፣ ቫርኒሹ ተሰንጥቆ እርጥበት ከገባበት፣ በተለይም በቀድሞው የእንስሳት ሙጫ የተያያዘ ከሆነ፣ ስንጥቆቹ ይላቀቃሉ፤ ከባድ ዓሣ ደጋግሞ ከጎተተ ወይም እርጥብ እንዳለ ግድግዳ ተደግፎ ከከረመ ደግሞ ጎብጦ ይቀራል። የናስ ማያያዣው መላላትማ የታወቀ ነው። ዛሬ በእጃችን የምናገኛቸው ከዚህ ሁሉ የተረፉትን ብቻ ነው፤ የተሰበሩት ተጥለዋልና የሚያስታውሳቸው የለም።

ካርቦን በድንጋይ ወይም በመኪና በር ሲመታ እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱም ወዲያው ላይታይ እንደሚችል አልክድም፤ በዚህ አልተሳሳቱም። ሆኖም ግድ የለሽ አያያዝን ከሁለቱም በተሻለ የሚችለው ከቀርከሃ በኋላ፣ ከካርቦን በፊት የመጣው የፋይበርግላስ (የመስታወት ክር) ዘንግ ነው፤ ከባድና ልል በመሆኑ ይመስለኛል፣ እንደ ቀርከሃው ብዙ ናፋቂ አላገኘም።