አራስ ቤት ውስጥ ያለው ሌላው ልጅ

ጎጃም ውስጥ አራስ መጠየቅ ደስ ይላል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቡናው፣ የጎረቤቱ ግርግር፣ የእናቶች ምርቃት። ሕፃኑ ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትናው እስኪደርስ ድረስ ቤቱ ሰው አያጣም። አራሷ እንዳይበርዳት፣ እንዳይርባት፣ ብቻዋን እንዳትሆን ሁሉም ይረባረባል። ይህ ወግ እንዲጠፋ አልፈልግም። ዛሬ የምጽፈው ግን እዚያው ቤት ውስጥ ስላለው ሌላ ልጅ ነው። ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ዓመት ስለሆነው። እስከ ትናንት የቤቱ ሕፃን እሱ ነበር። ዛሬ ማንም ልብ አይለውም።

ይህን ልጅ መያዝ ያለበት አባቱ ነው። ሲመቸው ያግዝ ማለቴ አይደለም። ታናሹ ከተወለደባት ቀን ጀምሮ ታላቁን ማብላት፣ ማጠብ፣ ማልበስና ማስተኛት የአባት ሥራ ይሁን ነው የምለው።

እኛ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ትልቋ ልጄ ሦስት ዓመት አልፏታል። ትንሹ ገና መቀመጥ እየለመደ ነው። እሱ እንደተወለደ ሊጠይቁን የመጡት ሰዎች ሁሉ የሚወዱን ናቸው። ግን ብዙዎቹ ከበር ሲገቡ ለትልቋ የሚሏት አንድ ዓይነት ነገር ነበር። «አለቀልሽ እንግዲህ! እናትሽን ተቀማሽ!» ሲወጡ ደግሞ «ይህን ልጅ ይዤው ልሄድ ነው፣ እሺ?» ልጅቷ ስታለቅስ ይሳቃል። የሚናገሩት ለጨዋታ እንደሆነ አውቃለሁ። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ጨዋታ መሆኑን አታውቅም። እናቷ እውነት የተወሰደችባት ይመስላታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁለት ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። አልጋ ላይ መሽናት ያቆመ ልጅ እንደገና ይጀምራል። ጡት ከተወ የቆየ ልጅ ልጥባ ይላል። አንዱ ጨቅላውን ይቆነጥጣል። ሌላው የእናቱን ቀሚስ ይዞ አልለቅም ይላል። ይህን ጊዜ ደግሞ «ትልቅ ሆነህ የለም እንዴ? ነውር ነው!» ይባላል። ሦስት ዓመት ምኑ ነው ትልቅ? እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ዝም የሚለው ልጅ ነው። ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ አያስቸግርም። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ነገሩ የስሜት ብቻ ቢሆን እንኳ ሊያሳስበን ይገባ ነበር። ግን የሰውነትም ነገር ነው።

የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ይታወቃል። ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ ተጨማሪ ምግብ እየተጀመረለት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እናት ከወለደች በኋላ እንደገና እስክታረግዝ ቢያንስ 24 ወር ትቆይ ይላል። በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። እናትየዋ እንዳረገዘች ሲታወቅ «የእርጉዝ ጡት ያሳምመዋል» ተብሎ ልጁ በአንዴ ጡት ይጥላል። አንዳንዷ እሬት ትቀባለች። ያ ልጅ ከጡት እንደወረደ ከትልልቆቹ ጋር ወደ መሶብ ይቀርባል። ትልልቆቹ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳሉ። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚያኝከው። ሁለተኛ ጉርሻውን ሳይውጥ መሶቡ ይነሳል። የደረሰውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በሽሮ የራሰ እንጀራ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት ያነሱ ማለት ነው። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። ክልሉ ደግሞ ጎጃምን ይዟል። ጤፉን፣ በቆሎውን፣ ስንዴውን፣ ድንቹን እየጫነ ለአዲስ አበባ የሚልክ አገር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። ምክንያቱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። የውኃው ንጽሕና አለ፣ ተቅማጡ አለ። ዕንቁላሉና ቅቤው ልጅ ሳይቀምሰው ገበያ መውጣቱም አለ። ግን ከሁሉም ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ጉድለት አለ። ቁጭ ብሎ ልጁን የሚያበላው ሰው የለም። እናትየዋ ጨቅላውን ይዛለች።

ጾምን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲጾም አታዝም። ሆኖም በሁዳዴው 55 ቀን የጾሙ ዕቃ እንዳይነካካ እየተባለ ስንት ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ልጅ ወተትና ዕንቁላል ሳያይ ይከርማል። መፍትሔው ቀላል ነው። ለልጅ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለብቻ ማስቀመጥ ይበቃል። አባት ይግዛት፣ አባት ይጠባት።

«ድሮስ ማን ይዞት አደገ?» የሚል አይጠፋም። ድሮ አያት ነበረች። ልጇ ስትወልድ ከገጠር ትመጣና ታላቁን ከጎኗ አስተኝታ፣ ተረት ነግራ፣ አብልታ ታከርመዋለች። ዛሬ ብዙዎቻችን በከተማ በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ ነው ያለነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ ከቢቸናም፣ ከሞጣም፣ ከደጀንም የሚመጣ አያት የለም። ስልክም ሲጠፋ ሕፃን መወለዱን ሳትሰማ የምትቆይ አያት አለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጆቻችን የተኩስ ድምፅ ሰምተው የሚያድሩ ልጆች ናቸው። ማታ አቅፏቸው የሚተኛ ሰው ከወትሮው የበለጠ ያስፈልጋቸዋል።

አያት ከሌለች ሥራው የሚወድቀው በትልቋ ሴት ልጅ ላይ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ታናሿን አዝላ ትውላለች። እናቷ በወለደች ሰሞን ከትምህርት ቤት የምትቀረው እሷ ናት። ወንድሟ አይቀርም። አባትየው ታላቁን ልጅ ከያዘ ይህችም ልጅ ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች።

እኛ ቤት እንዲህ ነው የምናደርገው። ማርቆስ ጠዋት ይበርዳል። ውኃ አሙቄ የትልቋን ገላ የማጥበው እኔ ነኝ። ዕንቁላል በቂጣ ወይም ድንች በወተት ፈጭቼ አበላታለሁ፤ እስክትጨርስ ከአጠገቧ አልነሳም። ቅዳሜ እሽኮኮ አድርጌያት እስከ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ደርሰን እንመለሳለን። ማታ የጦጣና የዝንጀሮ ተረት አለ። እናቷ በዚህ መሃል ጨቅላው ሲተኛ አብራው ትተኛለች። አራስ እንቅልፍ ስታገኝ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው፤ ይህን ያላየ ባል ይሞክረው። በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ እንለዋወጣለን። ትንሹ ጠብቶ ሲጠግብ እኔ ትከሻዬ ላይ አድርጌ አስገሳዋለሁ፣ እናትየዋ ከትልቋ ጋር ብቻቸውን ይሆናሉ። ይህቺ ሰዓት እንዳትታጠፍ በጣም እንጠነቀቃለን። ልጅቷን ከእናቷ መለየት አይደለም ሐሳባችን።

«ሚስቱ አሠራችው» የሚል ሰው አለ። «ምነው፣ ሴት አጣህ?» ያለኝም አለ። ይህ ንግግር ብዙ ጥሩ አባቶችን ወደ ኋላ ይይዛል። ገበሬው አዲስ የተወለደ ጥጃ ከመስክ ተሸክሞ ሲገባ ማንም አይስቅበትም። የገዛ ልጁን አንቀልባ ይዞ ሲያዝል የሚሳቅበት ለምንድን ነው?

ጠያቂዎችንም አንድ ነገር ልለምን። አራስ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ታላቁን ሰላም በሉት። ለጨቅላው ልብስ ስትይዙ ለእሱ አንድ ሙዝ ያዙለት። ቤት ለቤት የምትዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንም የጨቅላውን ክብደት ስታዩ ታላቁ ምግብ እንዳልጎደለው እንዲታወቅ ክንዱን ለኩልን። በ15 ወር የሚሰጠውን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ጠይቁልን።

የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። እናት ከሐኪም ቤት ተመልሳ እስክትረጋጋ እንኳ አይበቃም። ሕጉ ዝቅተኛውን ነው ያስቀመጠው፤ አሠሪ ከፈለገ ከዚያ በላይ መስጠት ይችላል። ይስጥ።

አብዛኛው የጎጃም አባት ግን ደመወዝተኛ አይደለም፣ ገበሬ ነው። ለእሱ ፈቃድ የሚሰጠው አለቃ የለም። ደቦ ግን አለ፣ ወንፈል አለ። የታመመ ሰው ማሳ ይታረስለታል። ሐዘን የተቀመጠ ሰው እህል ይታጨድለታል። ሚስቱ የወለደችለትም ሰው ደቦው ከሁሉም አስቀድሞ ለእሱ ይውጣለት፣ ሥራው ቶሎ ያልቅለትና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ልጁ ይግባ። በተለይ ልደቱ ሐምሌ እርሻ ላይ ወይም ኅዳር አጨዳ ላይ ከዋለ።