ጣሪያው ላይ ያለውን ባንዲራ አይተኸዋል?

ጥያቄው አጭር ነው። የጃፓን አኒሜና ማንጋ (የካርቱን ፊልሙና በሥዕል የሚተረከው መጽሐፍ) ብሔርተኝነትን በማር ለውሶ ያጎርሰናል ወይስ እኛ የሌለ ነገር እየፈለግን ነው? አንዷ ትከሳለች፣ አንዱ ይከላከላል። ዓመቶቹም ቀኖቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአንዳንዶቹ ታሪኮች መጨረሻ ስለሚነገር ያልጨረሰ ሰው ከአሁኑ ይጠንቀቅ።

ከሳሽ፦ ሲጀመር አኒሜ ጠልቼ አይደለም። «አታክ ኦን ታይታን» የሚባለውን ተከታታይ የጨረስኩት ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው፣ ያውም ጠዋት ሥራ እያለብኝ። ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው። የጃፓን የመጀመሪያው ረጅም አኒሜሽን ፊልም በሚያዝያ 1945 የወጣው የተረቱ ጀግና የሞሞታሮ ፊልም ነው። የሠራው ሚትሱዮ ሴኦ፣ ያሠራው የባሕር ኃይል ሚኒስቴር። ድቡ፣ ጦጣው፣ ውሻው ወታደር ሆነው በፓራሹት ይወርዱና ደሴቷን ከነጮች «ነጻ ያወጣሉ»። የአገሬው እንስሳትስ? ተሰብስበው የጃፓንን ሀ ሁ በዘፈን ይማራሉ። ዜማው ደስ ይላል፣ ችግሩም እሱ ነው። ቅኝ ገዢ እንደዚያ አንጀት የሚበላ ድብ ሆኖ ሲመጣ ማን ይጠላዋል?

ጠበቃ፦ በጦርነት መሀል የተሠራን የፕሮፓጋንዳ ፊልም ፕሮፓጋንዳ ነው ብለሽ ትከሺያለሽ? ያኔ ዲዝኒም ለአሜሪካ መንግሥት ይሠራ ነበር። ይልቅ ከዚያ በኋላ የመጣውን እይ። ያን ፊልም ኦሳካ ውስጥ ሲኒማ ቤት ገብቶ ካዩት ልጆች አንዱ ኦሳሙ ቴዙካ ነው። ገና 16 ዓመቱ ነበር፣ እያለቀሰ አየው፣ አንድ ቀን እኔም እንዲህ ያለ እሠራለሁ አለ። ዘመናዊውን ማንጋ ያቆመው እሱ ነው፤ ሥራውም ጦርነትን የሚረግም ነው። ሺገሩ ሚዙኪ ግራ እጁን በጦርነቱ አጥቶ ተመልሶ፣ በአንዱ እጁ አዛዦቹ ወታደሮቻቸውን እንዴት በከንቱ እንዳስጨረሱ ሣለ። ኬይጂ ናካዛዋ ከሂሮሺማ ቦምብ የተረፈ ልጅ ነው፤ በ1973 «ባዶ እግሩ ጌን»ን የጀመረው በልጆች መጽሔት ላይ ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱን ራሱ ተጠያቂ ያደርጋል። ይሄ ነው ብሔርተኝነት የምትይው?

ከሳሽ፦ ናካዛዋን ራስህ አመጣኸው፣ ጎሽ። ጌን ምን እንደደረሰበት ለምን ዘለልከው? የማትሱዌ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ልጆች መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት እንደልባቸው እንዳያነሱ አስደረገ። በ2013 ወሬው ሲወጣና ጩኸቱ ሲበዛ ነው የተወው። በ2023 ደግሞ ሂሮሺማ ራሷ፣ አዎ ሂሮሺማ፣ ከሰላም ትምህርት ማስተማሪያዋ አወጣችው። ያንተ ጀግኖች መኖራቸውን አልካድኩም። የዛሬው ልጅ ግን ጌንን አይደለም የሚያየው። የሚያየው የጃፓን ጦር፣ የራስ መከላከያ ኃይሉ፣ ለምልመላ ፖስተር የተጠቀመበትን «ጌት» የሚባል አኒሜ ነው።

ጠበቃ፦ «ጌት»ን አልከላከልም። ደራሲው ራሱ የቀድሞ ወታደር ነው፣ አልደበቀውም። ግን ማትሱዌ ያለ ባለሥልጣን ማንጋ ከከለከለ ብሔርተኛው ማን ሆነ? ማንጋው ወይስ ባለሥልጣኑ? የአኒሜ ዳይሬክተሩን ሚያዛኪንም እይ። በ2013 የዜሮ ተዋጊ አውሮፕላን ንድፍ አውጪን ታሪክ ሲያወጣ ኮሪያውያን «ለጦርነቱ መሣሪያ የሠራን ሰው ታሞጋግሳለህ» አሉት። በዚያው ሰሞን ጦርነትን የሚከለክለው የጃፓን ሕገ መንግሥት መነካት የለበትም ብሎ ስለጻፈ የጃፓን ቀኞች «ከሃዲ» አሉት። በአንድ ክረምት ከሁለቱም ወገን የተመታ ሰው ነው።

ከሳሽ፦ ይሁን። ወደ «አታክ ኦን ታይታን» እንምጣ፣ ልቤ እዚያ ነው ያለው። ያ መላጣው፣ ጠጪው፣ ደጉ ጄኔራል ፒክሲስ አለ አይደል? ደራሲው ኢሳያማ በብሎጉ ላይ መነሻዬ አኪያማ ዮሺፉሩ ነው ብሎ ጽፏል። አኪያማ በጃፓንና ራሺያ ጦርነት ፈረሰኛ የመራ ጄኔራል ነው። በኋላ ኮሪያ በቅኝ ግዛት ተይዛ ሳለ እዚያ ያለውን የጃፓን ጦር አዝዟል። አሁን አንድ ነገር አስብ። ጣልያኖች አኒሜሽን ሠሩ እንበል፣ ውስጡ ቀልደኛ ሽማግሌ ጄኔራል አለ፣ ሠሪው «ግራዚያኒን እያሰብኩ ነው የሣልኩት» አለ። ዝም እንላለን? በ2012 አፊሌ የምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ስታቆም እንዴት እንደተንጨረጨርን ረሳኸው?

ጠበቃ፦ እዚህ ጋ ገፋሽው። አኪያማ ግራዚያኒ አይደለም። ጃፓኖች የሚያስታውሱት በራሺያው ጦርነት ነው፤ ጡረታ ሲወጣም ትውልድ ከተማው ሄዶ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ።

ከሳሽ፦ አየህ፣ «ጃፓኖች የሚያስታውሱት» አልክ። ኮሪያውያንስ? እኛ ደግሞ ለጃፓን ድሮም እናዳላለን። በ1905 ራሺያን ስታሸንፍ ከአድዋ ጋር እያስተያየን ኮራንባት፣ የ1931ዱን ሕገ መንግሥታችንን ከጃፓን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ቀዳን፣ ምሁራኖቻችን «ጃፓናይዘር» እስከመባል ደረሱ። ጃፓን በእኛ ዓይን ነጭን ያሸነፈች ናት። ሴኡል ያለ ሰው የሚያየውን እኛ የማናየው ለዚህ ነው።

ጠበቃ፦ እሺ፣ ይቺን ተቀብያለሁ። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እይው እንጂ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤረን «አገሬን አድናለሁ» ብሎ ተነስቶ ከዓለም ሕዝብ 80 በመቶውን በግዙፍ ጭራቆች አስረግጦ ይፈጃል። ተከታዮቹ ወጣቶች የገዛ አስተማሪያቸውን እስከመደብደብ ይደርሳሉ። ያ ሁሉ ሰው ጂም ውስጥ የሚጮኸው «ሺንዞ ዎ ሳሳጌዮ»፣ «ልባችሁን ስጡ» ማለት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያስለቅሳል፣ መጨረሻ ላይ ያስፈራል። ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተደረገው። እኔም ስጮኽ ነበር፣ በኋላ አፈርኩ።

ከሳሽ፦ አንተ አፈርክ፣ ስንቱ አሁንም እየጮኸ ነው። ደግሞ የኤረንን ወገኖች፣ ኤልዲያኖቹን አትርሳ። በግቢ ታጥረው፣ ክንዳቸው ላይ ምልክት ታስሮ፣ ልክ እንደ አይሁዶቹ። ከዚያ ታሪኩ ሲገለጥ ቅድመ አያቶቻቸው እውነትም ዓለምን በጭራቅ የገዙ ሆነው ይገኛሉ። የናዚን ተረት እውነት አድርጎ መጀመር ማለት እኮ ነው።

በ2020 ደግሞ «ማይ ሂሮ አካዴሚያ» አለልህ። ክፉው ሐኪም «ማሩታ» የሚል ስም ወጣለት። ማሩታ ግንድ ማለት ነው፤ 731ኛው ክፍል የሚባለው የጃፓን ጦር ክፍል በጦርነቱ ጊዜ ቻይና ውስጥ በሕይወት እያሉ ሙከራ የሚሠራባቸውን ሰዎች እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። ቻይናና ኮሪያ ተቆጡ፣ ስሙ ተቀየረ፣ ደራሲው አስቤበት አይደለም አለ። አምነዋለሁ! ግን ይሄ ለእኔ ይብሳል። አስቦ ቢያደርገው አንድ ሰው ነው የሚወቀሰው። ሳያውቅ ካደረገው ግን ማንም አልነገረውም ማለት ነው። የኔ ክስ ጩኸት ላይ አይደለም ወንድሜ፣ ዝምታ ላይ ነው። በጦርነቱ ብቻቸውን ስለቀሩ ሁለት ልጆች የሚተርከውን «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ»ን አይቼ ሁለት ቀን ምግብ አልበላልህ ብሎኝ ነበር። ግን የልጆቹ አባት የባሕር ኃይል መኮንን ነው። መርከቡ የት ሄዶ ምን ሲያደርግ ነበር? ማንም አይጠይቅም።

ጠበቃ፦ የጠየቀ አለ። ፉሚዮ ኮኖ የጻፈችው፣ ሱናኦ ካታቡቺ በ2016 ፊልም ያደረገው «ኢን ዚስ ኮርነር ኦፍ ዘ ወርልድ»። ሱዙ የወታደር ወደብ በሆነችው ኩሬ የምትኖር የቤት እመቤት ናት። ፖለቲካ አታውቅም፣ ወጥ ትሠራለች፣ ትሥላለች፣ በቦምብ እጇን ታጣለች። ነሐሴ 15 ቀን 1945 ንጉሠ ነገሥቱ በሬዲዮ መሸነፋቸውን ሲናገሩ ወጥታ እርሻው ላይ ትወድቃለች። ያኔ ከታች ከተማው ውስጥ ከአንዱ ጣሪያ በላይ የኮሪያ ባንዲራ ይወጣል። ማንም ምንም ሳይል። ማንጋው ላይ ሱዙ፣ ይቺ አገር ሌሎችን በጉልበት ስትገዛ ኖራ ነው ዛሬ ለጉልበት የምትንበረከከው ወደሚል ሐሳብ ትደርሳለች። አባትየው የት ነበር ላልሽው መልሱ ይኸው።

ከሳሽ፦ ፊልሙ ላይ ግን ያቺ ንግግር የለችም። ቀየሯት። የበላሁት ሩዝና አኩሪ አተር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ እኔ የተሠራሁት ከዚያ ነው ትላለች። «ጉልበት» የምትለዋ ቃል ወጥታ ሩዝ ገባ። ለተመልካች እንዳይጎረብጥ።

ጠበቃ፦ እኔ ደግሞ የፊልሙ ይበልጣል ባይ ነኝ። ሱዙ ሙሉውን ፊልም እህል ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት። «አገር»፣ «ጉልበት» የሚሉት ቃላት ከሷ አፍ ሲወጡ የደራሲዋ ድምፅ ነው የሚሰማኝ። ሩዙ ግን የራሷ ነው። ያን ጊዜ ጃፓን ሩዝ የምታስመጣው ከኮሪያና ከታይዋን ነበር፤ ቅኝ ግዛቱ ድስቷ ውስጥ ነበር ማለት ነው። የወንጀሉን ፍሬ እየበላች እንደኖረች በገዛ እጅ ሥራዋ ነው የገባት።

ከሳሽ፦ ቆንጆ ነው፣ እውነቴን ነው። ግን ይሄን የሚረዳው ሩዙ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። ለማያውቅ ሰው ስለ ምግብ የተባለ ነገር ሆኖ ያልፋል። ባንዲራውም እንደዛው። አሁን ሳትዋሽ ንገረኝ፣ መጀመሪያ ስታየው ጣሪያው ላይ ያለውን ባንዲራ አይተኸዋል?

ጠበቃ፦ አላየሁትም። ሱዙ ስታለቅስ እኔም እያለቀስኩ ነበር።